ከአየር ጠመንጃ ወደ ባለ ፈቃድ የአደን ጠመንጃ ለመሸጋገር ምን ማሟላት ይገባኛል?

ጥያቄ፦ የማንጎ ገበሬ (ሮቢት)

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ሮቢት አካባቢ፣ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቅ የማንጎና የዘይቱን ማሳ አለኝ። ጦጣና ወፍ ፍሬውን ሳይደርስ ስለሚያበላሹብኝ እስከ አሁን በ5.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ እያስደነገጥኩ ስጠብቅ ቆይቻለሁ። አሁን ዕድሜያቸው የገፋው አጎቴ በስማቸው የተመዘገበውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትገን (ጠጠር የሚበትን የአደን ጠመንጃ) ሊሰጡኝ አስበዋል። መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ለመያዝ ምን ይጠበቅብኛል? አተኳኮሱስ ከለመድኩት በምን ይለያል? የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ከአጎትዎ ቤት እንዳይነሳ። ፈቃድ ከጠመንጃው ጋር አብሮ የሚተላለፍ ንብረት አይደለም፤ የአንድ ሰው ማንነትና ጠባይ ተጣርቶ ለዚያው ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ በአጎትዎ ስም የተሰጠው ወረቀት በእርስዎ እጅ ሲገኝ አይጠብቅዎትም፤ የቤተሰብ ስጦታ መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም።

ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ወይም እርሱ የወከለው አካል ነው። አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አእምሮው ጤናማ የሆነ፣ በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ያልተያዘ፣ ከወንጀል ነጻ የሆነ፣ ቋሚ አድራሻም ያለው መሆኑ ይመረመራል። እርስዎና አጎትዎ መጀመሪያ መሣሪያውን ሳትይዙ፣ የምዝገባ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱና ዝውውሩ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ አመልክቱ። የአየር ጠመንጃዎንም ጉዳይ በዚያው አጋጣሚ ይጠይቁ።

በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ እርስዎም ያውቁታል። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይዞ በመንገድ መታየት፣ ዓላማው ማንጎ መጠበቅ ቢሆንም እንኳ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ መታገሥ ግድ ነው።

መልስ፦ የሽምብጥ ልጅ (እንግሊዝ አገር የሚኖር)

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ሲሆን ከአየር ጠመንጃ ወደ ሾትገን የተሸጋገርኩት ግን በምኖርበት በእንግሊዝ ነው። በዚያ አገር ከ12 ጫማ ፓውንድ (የተኩስ ኃይል መለኪያ ነው) የማይበልጥ ኃይል ላለው የአየር ጠመንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሾትገን ግን ፖሊስ የሐኪም መረጃ ጠይቆና ቤት ድረስ መጥቶ ካጣራ በኋላ ለ5 ዓመት የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የእኛ አገር ሕግ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ያነሳሁት ግን ብዙ ጀማሪዎች ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት በአሠልጣኝ ሥር፣ በተፈቀደ የዒላማ ሜዳ ላይ የመማር ልማድ ስላላቸውና ይህም እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ ነው።

በአተኳኮስ ረገድ የለመዱትን ብዙ ነገር መተው ይኖርብዎታል። ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ በእጅ ላላ ተደርጎ ካልተያዘ ዒላማውን ይስታል፤ ሾትገን ግን ኃይለኛ ርግጫ ስላለው ሰደፉ ከትከሻ ጋር ጥብቅ ብሎ፣ ጉንጭም በእንጨቱ ላይ አርፎ፣ ክብደት ወደ ፊት እግር ማዘንበል አለበት። በአየር ጠመንጃ አንድ ግራም ገደማ የምትመዝን አንዲት እርሳስ በማነጣጠሪያ ተመርታ ትሄዳለች። በ12 ቁጥር ሾትገን (ቁጥሩ የአፈሙዙን ስፋት ያመለክታል) ግን ከአንድ ጥይት 28 ግራም ያህል እርሳስ፣ በ6 ቁጥር ጠጠር (ይህ ደግሞ የጠጠሩ መጠን ነው) ከሆነ ወደ 270 የሚደርሱ ጠጠሮች፣ እየተበተኑ ይወጣሉ። በትክክል የሚመቱት እስከ 35 ወይም 40 ሜትር ቢሆንም ከ200 ሜትር በላይ ሊወረወሩ ይችላሉ። ከማንጎው ዛፍ ጀርባ የጎረቤት ማሳ፣ የእግር መንገድ ወይም በታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ካለ አይተኮስም።

የማንጎ ገበሬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ ዘንድ ከጠመንጃው ጋር በአንድ ሣጥን የተቀመጡ ቢጫና ቀይ ጥይቶች አሉ። ልዩነታቸው የቀለም ብቻ ነውን?

መልስ፦ የሽምብጥ ልጅ

ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እባክዎ ዛሬውኑ ለአጎትዎ ይንገሯቸው። ቢጫው አብዛኛውን ጊዜ 20 ቁጥር ነው። 20 ቁጥር ጥይት ከ12 ቁጥር ስለሚቀጥን በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ አልፎ ይንሸራተትና አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ተኳሹ ጠመንጃው አልጎረሰም ብሎ ሁለተኛ፣ የ12 ቁጥር ጥይት ከኋላው ቢጨምርና ምላጩን ቢስብ አፈሙዙ ይፈነዳል፤ የግራ እጅ ጣቶች የሚጠፉት በዚህ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ በአንድ ሣጥን ወይም በአንድ ኪስ አይቀመጡም። በቀለም ብቻም አይተማመኑ፤ በጥይቱ ቂጥ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። ጠመንጃውም ከመጉረሱ በፊት ተከፍቶ በሁለቱም አፈሙዝ ውስጥ ብርሃን መታየቱ መረጋገጥ አለበት።

መልስ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ

እኔ ከመነሻው የጠመንጃው አስፈላጊነት ላይ ጥያቄ አለኝ። ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድ የማደን ፈቃድ አይደለም፤ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት አደን የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው የሚጠበቁበት ሥፍራ) ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዳርቻው ከሚኖሩት መካከል ሰው በቀላሉ የማያያቸው ብርቅዬ አዕዋፍ አሉ። ከዚህም በላይ በእርጥብ መሬት ላይ የሚበተነውን የእርሳስ ጠጠር ዳክዬዎች እህል ለመፍጨት የሚረዳቸው ድንጋይ መስሏቸው ይውጡትና ይመረዛሉ። እንግሊዝ የውሃ ወፎችን በእርሳስ መተኮስን በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለወፉ በፍሬው ላይ መረብ መዘርጋት፣ ለጦጣው ደግሞ በጠዋትና በማታ ሰዓት ጠባቂ ማቆምና ማንጎውን በዛፍ ላይ ሳይበስል፣ መጠኑ እንደሞላ ለቅሞ በቤት ማብሰል ይሻላል። ጦጣ በመንጋ ስለሚንቀሳቀስ አንዱ ቢገደል የቀሩት ተመልሰው ይመጣሉ።

የማንጎ ገበሬ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥይቶቹን እንዲለዩ ለአጎቴ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጠመንጃውም እዚያው ይቆያል። በዚህ ወቅት በመረብና በጠባቂ እሞክራለሁ። ሆኖም አጎቴ መሣሪያውን ማስቀመጥ እየከበዳቸው ስለሆነ፣ እኔ ባልወስደው ምን ማድረግ ይችላሉ?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ራሳቸው በአካል፣ መሄድ ካልቻሉም በጽሑፍ፣ መሣሪያውን ከዚህ በኋላ መያዝ እንደማይፈልጉ ለመዘገበው ፖሊስ ያሳውቁ፤ ርክክቡም እንዴት እንደሚፈጸም ከዚያው ይነገራቸዋል። ሲያስረክቡ የመሣሪያው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ መቀበላቸውን እንዳይዘነጉ።