12ኛ ክፍልና ድራማ ክበብ አንድ ላይ ይሄዳሉ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? 12ኛ ክፍል ነኝ፤ ዘንድሮ ሁሉም ነገር ተደራርቦብኛል። ፈተናው እየደረሰ ነው፣ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ "ዩኒቨርሲቲ ምን ልታጠኚ ነው?" ሆኗል፣ እኔ ደግሞ ድራማ ክበብ ውስጥ ዋናዋን ገጸ ባህሪ ያዢ ተብዬ እምቢ ማለት አቃተኝ።

እውነቱን ለመናገር እንደ ዘንድሮ ተደስቼም አላውቅም። ልምምድ ላይ አንዱ ቃሉ ጠፍቶበት ዝም ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ሁላችንም ፍርስ ነው። የ9ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ምክር ይጠይቁኛል፣ ለራሴ ግራ የገባኝን!

ችግሩ ማታ ነው። ሒሳብ እከፍታለሁ፣ ያንኑ መስመር ደጋግሜ አነባለሁ፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ድፍት። ለኛ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል፤ እኔ ግን 6 ከሞላልኝ ተመስገን ነው። ሌሊት ተነስቼ ማጥናትም ሞከርኩ፣ ክፍል ውስጥ አንቀላፋሁ።

ይህን ዓመት ያለፋችሁት፣ እባካችሁ እርዱኝ። ክበቡን ልተወው ወይስ ትንሽ ሚና እንዲሰጡኝ ልጠይቅ? ጊዜ ሲያጥር ማስታወሻ ማንበብ ይሻላል ወይስ የድሮ ፈተና መሥራት? እናትና አባቴንስ "ገና አልወሰንኩም" ብዬ ሳይከፋቸው እንዴት ልንገራቸው? "ዝም ብለሽ አጥኚ" የሚለውን ግን በቃ ሰምቼዋለሁ።