ክርክር፦ በፊገር ስኬቲንግ (ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ በሚደረገው የዝላይና የጥበብ ውድድር) ውጤት የሚዛባው የት ላይ ነው?

የበረዶ ወዳጅ፦ በ2014 የሶቺ ኦሊምፒክ ሩሲያዊቷ አዴሊና ሶትኒኮቫ 224.59 ነጥብ አምጥታ ደቡብ ኮሪያዊቷን ዩና ኪምን (219.11) ስትበልጥ የተነሳው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ጥፋቱን የማየው በጥበብ ነጥቡ ላይ ነው። ያኔ አምስት የነበሩት መስፈርቶች ዛሬ ቅንብር፣ አቀራረብና የስኬቲንግ ክህሎት ተብለው ሦስት ሆነዋል። ግን አንዱ ዳኛ 9.25፣ ሌላው 8.50 ሲሰጥ ምክንያቱን ማን ነገረን?

ባለ ስለት፦ ወዳጄ፣ እዚያ እኮ ዘጠኝ ዳኞች አሉ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተነስቶ የሰባቱ አማካይ ይያዛል፤ የአንዱ አድልዎ ይቀንሳል። በዝላይ ጊዜ አየር ላይ የሚዞሩትን ዙር መቁጠር ግን በሦስት ሰው የቴክኒክ ቡድን እጅ ነው። ስለቱ በረዶውን የነካባትን ቅጽበት በዝግታ ደጋግማችሁ እዩት። ከፊት ሲታይ የሞላ የሚመስለው ዙር ከጎን ሲታይ ጎድሎ ይገኛል። ሉትዝ የሚባለው ዝላይ በአራት ዙር ሲሠራ መነሻ ነጥቡ 11.50 ነው፤ ግማሽ ዙር ጎደለው ከተባለ እንደ ሦስት ዙር ተቆጥሮ 5.90 ይሆናል። በአንድ ዝላይ 5.60 ነጥብ! ሶቺ ላይ ወርቁን ከብሩ የለየው ከዚያ ያነሰ ነበር።

የቆየ ተመልካች፦ 2002ን ረሳችሁት። ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሩሲያውያኑ ጥንዶች ካናዳውያኑን በዳኞች ድምፅ 5 ለ4 አሸነፉ። ፈረንሳዊቷ ዳኛ ግፊት ተደርጎብኛል አለች፤ በኋላ ቃሏን ለወጠች። ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። ዳኛ ቢበዛ 6.0 የሚሰጥበት የድሮው የስድስት ነጥብ አሠራር የተሻረው በዚህ መዘዝ ነው። ዳኛውን የሚያጨው ግን ዛሬም የገዛ አገሩ ፌዴሬሽን ነው። ሥሩ ይህ ነው።

የበረዶ ወዳጅ፦ ከ2016 ወዲህ እያንዳንዱ ነጥብ ከዳኛው ስም ጋር ይወጣል። ለአገሩ ልጅ ያደላ ይታያል።

ባለ ስለት፦ የዳኞቹ አዎ። የቴክኒክ ቡድኑ ውሳኔ ግን ከዝላዩ አጠገብ በምልክት ብቻ ይሰፍራል። ሦስቱ ተስማሙ ወይስ ሁለት ለአንድ ሆኑ? አናውቅም። ዓመታት የለፋች ልጅ ሜዳሊያዋን በዚያች ምልክት ስታጣ ያንገበግበኛል። የተመለከቱትን ምስል ከነጥብ ዝርዝሩ ጋር ያውጡት፣ እኛም እንየው።

የቆየ ተመልካች፦ ምስሉ ከአንድ ጎን ብቻ ከተቀረጸ አንተም እንደነሱ ትሳሳታለህ።

ባለ ስለት፦ እንግዲያውስ ሁለተኛ ካሜራ ይተከል።