የልጆች ጉዳይ የመንደር በጀት ውስጥ እንዴት ይግባ?

ጥያቄ፦ የመንደሩ የልማት ገንዘብ በየዓመቱ መንገድና አዳራሽ ላይ ያልቃል። ለልጆች እንዲደርስ ከየት ይጀመር?

መልስ 1፦ ከዕቅድ ስብሰባው በፊት። ልጆች አዋቂ መሀል ከተቀመጡ ዝም ይላሉ። ከ7–11 እና ከ12–17 ዓመት ያሉትን ለዩ፤ ከትልልቆቹ ሴት ልጆቹን ለብቻ አድርጓቸው። የመንደሩን ካርታ መሬት ላይ ይሳሉ፤ የሚፈሩበት ቦታ ላይ ጠጠር ያስቀምጡ። ጠጠሩ ውሃ መቅጃው መንገድ ላይ ከተከመረ ጥያቄው ተገኘ ማለት ነው።

መልስ 2፦ ካርታ ብቻውን ገንዘብ አያስመድብም። «የትምህርት ቤት መጸዳጃ ይሠራ» ብቻ የሚል፣ ቁጥርና ዋጋ የሌለው ጥያቄ መጀመሪያ ይሰረዛል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች 1 መጸዳጃ ነው፤ 150 ካሉ 6 ብላችሁ ከነዋጋው ጻፉ። የጥገናና የጽዳት ወጪም ይያዝ! አለበለዚያ በሩ በተገነጠለ ማግስት ሴቶቹ መግባት ያቆማሉ።

መልስ 3፦ በጀቱ ሲጸድቅ የተቆረጠውን ከነምክንያቱ ለልጆቹ ንገሯቸው። ካልሰሙ በዓመቱ አይመጡም።