ላፕቶፔ በድንገት ድርግም ይላል፤ «ቦርዱ ነው» ተባልኩ፣ እውነት ይሆን?

የጀሞዋ
ሰላም ናችሁ? እባካችሁ እርዱኝ። የማስተርስ ጽሑፌን ላስረክብ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ኮር አይ 5 ነው፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ከወር ወዲህ እየሠራሁበት እያለ ድርግም ይላል። ማስጠንቀቂያ የለው፣ ሰማያዊ ስክሪን የለው፣ ዝም ብሎ ጥቁር። አንዳንዴ በቀን ሁለቴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሦስት ቀን ምንም ሳይሆን ይከርማል። ትናንት ጠዋት ሁለት ገጽ ሙሉ ጠፋብኝና አለቀስኩ። አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት፤ ከፍቶ እንኳን ሳያየው «ቦርዱ ሄዷል፣ መቀየር ነው» አለኝ፤ ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ሰርኪት ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ ላፕቶፑን የገዛሁበትን ግማሽ ያህላል። ምን ላድርግ?

ሐረር_ላይ
እህቴ አይዞሽ። ከሁሉ በፊት ጽሑፉን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪው። ዎርድ ላይ አውቶ ሴቩን ከ10 ደቂቃ ወደ 1 ደቂቃ አውርጂው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ላፕቶፑ የምናወራው። የእኔ ግምት ሙቀት ነው። የእኔም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ ሲከፈት ፋኑና ማቀዝቀዣው መሃል አቧራው እንደ ጥጥ ተነጥፎ ነበር።

ጠጋኝ
ሙቀትም ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳንለይ አንቸኩል። የጀሞዋ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ጠፍቶ ራሱ ይነሳል ወይስ አንቺ ነሽ የምታበሪው? ይሄ ብዙ ነገር ይለያል። ራሱ የሚነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ስህተት አግኝቶ ነው፤ ሰማያዊው ስክሪን ሳታይው ያልፍብሻል፣ የራም ወይም የድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ችግር ይሆናል። ሞቶ የሚቀር ከሆነ ግን ወይ ሙቀት ነው ወይ ኃይል ተቋርጦበት ነው። ኢቨንት ቪውወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቺና በጠፋበት ሰዓት ምን እንደተጻፈ እዪ። ደግሞ ሲጠፋ ምን እየሠራሽ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ፋኑ ይጮህ እንደነበር አስታውሺ። ቦርድ የሚቀየረው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው፤ ሳይከፍት ቦርድ የሚል ሰው ጋ ተመልሰሽ አትሂጂ።

የጀሞዋ
እኔ ነኝ የማበራው። «ከርነል ፓወር 41» የሚል በቀይ ተደርድሯል፣ ሌላ ነገር የለም። ፋኑ አይጮህም፣ ሥሩን ስነካውም ለብ ያለ ነው። ሰዓቱን ስታነሳብኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብዙውን ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው። አከራዬ እንጀራ የሚጋግሩበት ቀን ነው፣ ምጣዱ ሲሰካ የእኔ ክፍል አምፖል ፈዘዝ ይላል። ይገናኛል እንዴ?

ጠጋኝ
በደንብ ይገናኛል! 41 ማለት «ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ» ማለት ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይናገርም፤ ያንን አይተው ቦርድ ነው የሚሉ ሠሪዎች አሉ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ መስመሩ ይወርዳል። ግን ጤነኛ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል አምፖል ስለፈዘዘ ብቻ አይደነግጥም። ለቅጽበት ቢቋረጥ እንኳን ባትሪው ይሸከመዋል። ስለዚህ ባትሪሽን ነው የምጠረጥረው፣ ከቻርጀሩ ወይም ከማከፋፈያው ጋር። ሁሉን ሴቭ አድርጊና ዘግተሽ፣ ዴስክቶፑ ላይ ብቻ ሆነሽ ቻርጀሩን ንቀዪው።

ከዚያ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍተሽ «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ (/)፣ «ባተሪሪፖርት» በይ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። የሚያወጣው ፋይል ላይ ዲዛይን ካፓሲቲ (ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) የሚሉትን ሁለቱን ቁጥሮች አምጪልኝ።

የጀሞዋ
ነቀልኩት። ሦስት ሰከንድ አልቆየም፣ ጠፋ። 100 ፐርሰንት እያለኝ! ሪፖርቱ ላይ ዲዛይኑ 47,000 ነው፣ ፉል ቻርጁ 5,900።

ጠጋኝ
አገኘነው። 100 የሚልሽ ከቀረው 5,900 ላይ ነው፣ ያንንም ቢሆን ሥራ ሲበዛበት መስጠት አልቻለም። ቦርድሽን ተዪው። ባትሪ ስትገዢ በላፕቶፑ ስም አትጠይቂ፣ አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ኮድ ፎቶ አንስተሽ ሂጂ። እዚያው አስገጥመሽ ያንኑ ሪፖርት አውጪ፣ ከዚያ ቻርጀር ነቅለሽ ሩብ ሰዓት ቪዲዮ ክፈቺበት። «አዲስ ነው» ብለው ሪፖርቱ ግማሽ የሚያሳይ ባትሪ ብዙ አይቻለሁ።

ሐረር_ላይ
እኔ ሙቀት ብዬ ተሳስቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታች ያለው ታችፓድ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አትጫኚው፣ በስለት አትንኪው፣ ቻርጅም አታድርጊው፤ እሳት ያስነሳል።

የጀሞዋ
አላበጠም፣ ተመስገን። ባትሪውን ከቀየርኩት 11 ቀን ሆነኝ፣ ሪፖርቱ 46,000 ገደማ ነው። ትናንት ዓርብ ነበር፣ ምጣዱ ተሰክቶ አምፖሉ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለ፣ እኔ ምዕራፍ አራትን እየጻፍኩ ነበር፣ ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም። ማከፋፈያውንም ቀየርኩት፤ አሮጌውን ጎረቤቴ ሲፈታው ቻርጀሬን የምሰካበት ቀዳዳ ውስጡ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር።