የአረጋውያን ቤት የሚያድሱልንን ወጣቶች እንዴት እናመስግን?

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ወጣቶች አሉ። የበሰበሰ ቆርቆሮ ያወርዳሉ፣ ጭቃ ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፤ ፎቶ የሚያነሱት ሰዎች ከሄዱ በኋላም ቀርተው ሥራውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። እድራችን ሊያመሰግናቸው አስቧል። ከሰርተፊኬት ሌላ ምን ትመክሩናላችሁ?

አዳማ፦
ሰርተፊኬቱንም አትናቁት! ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ምን እንደሠራ በዝርዝር የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ብዙ ይጠቅመዋል። «ላደረጉት አስተዋጽኦ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት።

እናት ዓለም፦
የባለሥልጣን ንግግር አታብዙባቸው። ቤታቸው የታደሰላቸው እናቶችና አባቶች ራሳቸው ቆመው ይመርቋቸው፣ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት የለም። ለድግስ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ደግሞ ቀንሳችሁ ቦቲ ጫማ፣ ጓንትና አካፋ ግዙላቸው፤ ልጆቹ እኮ በየዓመቱ የሚሠሩት መሣሪያ ተውሰው ነው።

ተስፋ፦
ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የበጎ ሰው ሽልማት ዕጩዎችን የሚቀበለው ከሕዝብ ጥቆማ ነው። ጥቆማ ሲጀመር ሥራቸውን በደንብ ጽፋችሁ ላኩ። ባይመረጡም የጻፋችሁት ለሌላ ቦታ ይሆናል።

የጎንደር ልጅ፦
መጀመሪያ ልጆቹን አማክሯቸው፣ ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሊኖር ይችላል። ደግሞ ለሠራተኛው ምሳ የሚያበስሉትንና ውኃ የሚያመላልሱትን ሴቶች እንዳትረሱ፣ ሁሌ መድረክ ላይ የሚጠሩት ጣሪያ ላይ የወጡት ብቻ ናቸው። ቀኑ ተቆርጧል?