«ጌታ ተናገረኝ» ካለ በኋላ ማን ይናገራል?

አስተዳዳሪዋ፦ ሰላም የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼ። ይህ ግሩፕ ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ ደረጃ ጽዳት ተከፍቶ አሁን የማይነሣበት ነገር የለም። ዛሬ የእኔን ልጨምር።

እሑድ ጎረቤት ቤት በነበረን ጸሎት ላይ አንድ ወጣት ተነሣና «ጌታ ተናግሮኛል፤ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ራይድ ልሠራ ነው» አለ። ሁላችንም «አሜን» አልን። እኔም ብያለሁ። ደረጃውን ስንወርድ ግን ግማሹ «እምነት ማለት ይሄ ነው» ሲል ግማሹ «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ይል ነበር። ቤት ውስጥ አሜን፣ ደረጃ ላይ ሐሜት። ስሙን አንጠራም፤ አደራ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው «እግዚአብሔር ተናገረኝ» ሲል መጠየቅ አለብን ወይስ ዝም ማለት?

አቋሜን አልደብቅም። መጠየቅ አለብን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ «ነቢይ» ዕቁብሽን ልብስ ንግድ ላይ አውዪው፣ በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል አለኝ። አዋልኩት። ልብሱ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር በማዳበሪያ ተቋጥሮ አለ። ባለቤቴ ያኔ አንዲት ቃል አልተናገረም። በኋላ ስጠይቀው «ጌታ ተናገረኝ ካልሽ እኔ ምን እላለሁ?» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ይህ መልስ ነው።

የሦስተኛ ፎቁ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺን ያታለለሽ ሰው ነው። ልጁን የመራው ደግሞ ጌታ ነው። ሁለቱን ለምን ታደባልቂያቸዋለሽ? አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ነው የወጣው፤ ዕብራውያን 11፥8። ኮሚቴ አላቋቋመም። የአዋጭነት ጥናት አላስጠናም። ምሳሌ 3፥5 «በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል። እናንተ ግን ልጁን መጀመሪያ ኤክሴል ክፈት ልትሉት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ኤክሴል ምን አደረገህ ወንድሜ? ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል ያለው ራሱ ጌታ ነው፤ ሉቃስ 14፥28። ተቀምጦ ነው ያለው። ሂሳብ መሥራትን ከእምነት ማነስ የምትቆጥሩት ነገር አይገባኝም።

በነገራችን ላይ የልጁ ሐሳብ በራሱ ሞኝነት አይደለም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ እየኖርክ መኪናውን የት ነው ቻርጅ የምታደርገው? ከመስኮት ገመድ ልትወረውር ነው? መብራት በጠፋ ቀንስ? ጌታ ስለ መኪናው ከተናገረ ስለ ቆጣሪውም ይናገር ነበር።

የሦስተኛ ፎቁ፦ ቀልዱ ይቅር።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ አልቀለድኩም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ትንሽ ቀልጃለሁ።

እማማ (የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው)፦ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ የእናንተን ጸሎት ቤት ሥርዓት አላውቅም። በእኛ በተዋሕዶዎቹ ዘንድ ሕልም ያየ ሰው ብድግ ብሎ ሥራ አይለቅም። ለንስሐ አባቱ ይነግራል። ሱባኤ ይገባል። ጉዳዩ ይደር ይባላል። በ1990 እኔ ዓረብ አገር ልሄድ ተነሥቼ ነበር። እመቤታችን መንገድ ከፈተችልኝ እያልኩ ለሁሉም አወራሁ። የንስሐ አባቴ ሰምተው ሰምተው «ልጆቹን ለማን ትተሽ?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እኔ ያንን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ቀረሁ።

የሦስተኛ ፎቁ፦ እማማ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። እርሳቸውስ ቢሳሳቱ?

እማማ፦ ተሳስተው ያውቃሉ እንጂ! ለገጣፎ ላይ አንድ ቁራሽ መሬት ልገዛ ስል ተይው፣ ጠብ አያጣውም አሉኝ። ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። ግን እርሳቸውም ባገኙኝ ቁጥር «ወለተ ማርያም፣ ያንን ነገር ይቅር በይኝ» ይላሉ። አስተዳዳሪዋ ልጄ፣ ያንቺ ነቢይ ስልክ ያነሣልሻል?

አስተዳዳሪዋ፦ አያነሣም እማማ። ቁጥሬን ዘግቶታል።

ነርሷ፦ እኔ ከሥራ ቦታዬ ልናገር። ስለ መኪና ስትከራከሩ ቀላል ይመስላል። እኛ ጋ ግን የስኳር መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በቃሬዛ ይመጣል። ለምን አቆምክ ሲባል «ተፈውሰሃል ተባልኩ» ይላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 በነፃ መሰጠት ሲጀመር እንጦጦ ጸበል ላይ የነበረውን ክርክር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መድኃኒት መዋጥ ጸበሉን አለማመን ነው የሚሉ ነበሩ። በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱም ጸበሉም አብሮ ይወሰድ አሉ። ያ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዚአብሔር ይወቀው። ስለዚህ መጠየቅ ይቻላል ወይ የሚለው ለእኔ ክርክር አይደለም። አለመጠየቅ ነፍስ ያጠፋል።

የሦስተኛ ፎቁ፦ ስለ መድኃኒት እስማማለሁ እህቴ። እኔ ጸሎት ቤት ውስጥ «ዶክተር አትሂድ» ሲባል ስሰማ ራሴ እጣላለሁ። ግን አንዱን መጥፎ ነገር ይዛችሁ እግዚአብሔር የሚመራ አምላክ መሆኑን እንዳትሰርዙት። ጌዴዎን ምልክት ጠይቆ ተሰጥቶታል። ጳውሎስ ራእይ አይቶ መቄዶንያ ተሻግሯል። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ መርጠዋል። እናንተስ ራሳችሁ እዚህ ኮዬ የምትኖሩት በምን ሆነና? በዕጣ አይደለም እንዴ? «ዕጣ በጕያ ይጣላል፤ መደብዋ ሁሉ ግን ከእግዚአብሔር ነው»፤ ምሳሌ 16፥33።

አስተዳዳሪዋ፦ ዕጣውን ባነሣኸው ጥሩ። እኔ የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ሲወጣ ስሜን ሳይ ዕልልታዬ ሠፈሩን አናወጠው። እግዚአብሔር ሰጠኝ አልኩ። ዛሬም እላለሁ። ቁልፉ እስኪመጣ ያየነውን ንትርክ እንተወው። ግን እኅቴ ከእኔ ጋር አንድ ቀን፣ አንድ መስኮት ላይ ነው የተመዘገበችው። እኩል ነው የቆጠብነው። አልወጣላትም። እርሷን እግዚአብሔር ከለከላት ልበላት? የደረሰኝን አመሰግናለሁ። ከዚያ አልፌ የእግዚአብሔርን ሐሳብ በዕጣ ዝርዝር ላይ ላነብ አልደፍርም።

ጌዴዎንን ደግሞ እንደገና አንብበው፤ መሳፍንት 6። የበጉን ፀጉር ያነጠፈው ምን ላድርግ ብሎ አይደለም። ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተነግሮታል። ፈርቶ ነው። እኛ ግን እርሱ ስለ ፈራ ያደረገውን የውሳኔ ዘዴ አደረግነው።

የሦስተኛ ፎቁ፦ እሺ፣ ጳውሎስስ?

ጋሼ፦ እሱን ለእኔ ተውልኝ። ሐዋርያት ሥራ 16ን ቀስ ብለህ ስታነበው አንድ ነገር ታያለህ። ራእዩን ያየው ጳውሎስ ብቻውን ነው። ተጠርተናል ብሎ የደመደመው ግን «እኛ» ነው። አንዱ ያያል፣ ሁሉም ይመክራሉ። ከዚያ በኋላም የደረሰባቸው ፊልጵስዩስ ላይ ዱላና ወኅኒ ነው። የእግዚአብሔር ምሪት ነገሩ በመሳካቱ ይታወቃል ለምትሉ ይህቺን ያዙልኝ።

እኔ በደርግ ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ አምስት ስድስት እየሆንን በየቤቱ ነበር የምንሰበሰበው። መዝሙር በሹክሹክታ። ያኔ «ጌታ ተናገረኝ» የሚል ሰው ነበረ፤ ይኖራልም። ነገር ግን ማይክ የለም። አዳራሽ የለም። ቃሉ ትንሿ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ሁላችን እንጾምበታለን። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ራሱ ተመልሶ «ወንድሞች፣ የራሴ ሐሳብ ነበር» ይል ነበር። ያንን ማለት አያሳፍርም ነበር። አሁን ግን በሺህ ሰው ፊት ከተናገርክ በኋላ እንዴት ትመለሳለህ?

ቄስ ጉዲና ቱምሳን የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው እምቢ አሉ። ሕልም አየሁ አላሉም። በችግር ጊዜ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ነው ያሉት። ሐምሌ 1971 ከጸሎት ቤት ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። ለእኔ ምሪት ማለት ይህ ነው። የታወቀውን አደራ አለመልቀቅ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት ታስረዋል። አስተዳዳሪዋ «መጠየቅ አለብን» ስትል ነገሩ ቢበላሽ ዕዳው ለማን ይተርፋል ማለቷ ይመስለኛል። ይኸው እዚህ ትክክል በሆነ ውሳኔም ሌላ ሰው ከፈለ።

ጋሼ፦ አዎ ልጄ። ከፈሉ። ለዚህ መልስ የለኝም።

አስተዳዳሪዋ፦ እኔም የለኝም። የሐሳቤ ማሰሪያ ያ ነበር፤ ነርሷ ፈታችው። ቢያንስ ግን የሚከፍለው ሰው ቀድሞ ይስማ እላለሁ። ከአደባባይ በፊት ጓዳ።

የሦስተኛ ፎቁ፦ እኔ ደግሞ የምፈራውን ልንገራችሁ። እንዲህ እያላችሁ እያላችሁ አንድ ቀን ማንም ምንም አይሰማም። ሁሉ ነገር በስብሰባ ይሆናል። እግዚአብሔርን በምሥጋና ጸሎት ላይ ብቻ የምንጠራው ይሆናል። ጳውሎስ «ትንቢትን አትናቁ» ብሏል።

ጋሼ፦ ቀጥሎስ ምን አለ?

የሦስተኛ ፎቁ፦ «ሁሉን ፈትኑ።» አውቃለሁ ጋሼ። አውቃለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ አንድ የሕግ ነገር ጣል ላድርግ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እና ልጁ «ለቅቄያለሁ» ሲል ምናልባት ገና እየሠራ ይሆናል። ከአለቃው ጋር ማውራት ይችላል።

ባለጉዳዩ፦ ሰላም። ስሜን ስላልጠራችሁ አመሰግናለሁ፤ ግን አራተኛ ፎቅ ስትሉ ብሎኩ በሙሉ ገብቶታል።

ሁሉንም አነበብኩ። ልክ ነው፣ 30 ቀኑ አላለቀም። 19 ቀን ይቀረዋል። እውነቱን ልናገር። ሕልም አላየሁም። ማንም አልተነበየልኝም። በቀን አራት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነኝ። ጠዋት ከኮዬ ስወጣ ይጨልማል፣ ማታ ስመለስ ይጨልማል። እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሦስት ወር ጸለይኩ። አንድ ቀን ልልቀቅ ብዬ ሳስብ ሰላም ተሰማኝ። ያ ሰላም የጌታ ይሁን የእፎይታ አላውቅም። እሑድ ግን ተነሥቼ «ደከመኝ» ብል ማን አሜን ይለኛል? ስለዚህ ጌታ ተናገረኝ አልኩ።

ለመኪናው ቅድሚያ ክፍያ የማውለው የእናቴን ዕቁብ ነው። እሷ የምታውቀው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ልነዳ መሆኑን ነው። መልቀቄን አልነገርኳትም።

የሦስተኛ ፎቁ፦ ወንድሜ... እሑድ አጠገብህ ነበርኩ። ከሁሉ ከፍ አድርጌ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ባለጉዳዩ፦ ሰምቼሃለሁ።

ነርሷ፦ ለእናትህ ዛሬ ማታ ንገራት። ከዚህ ግሩፕ ሳትሰማው በፊት።

ባለጉዳዩ፦ ግሩፑ ውስጥ የለችም። ግን እሺ። ዛሬ።

እማማ፦ ነገ እናትህን ይዘህ ቤቴ ና፣ ቡና እናፈላለን። የሚጸልይም፣ ሂሳብ የሚያውቅም ይምጣ። ጋሼም ይምጡ።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ኤክሴሉን ይዤ እመጣለሁ።

የሦስተኛ ፎቁ፦ እኔም አለሁ። ስንት ሰዓት ነው ቡናው?

እማማ፦ ውኃ ከመጣ አሥር ሰዓት።