ክላርክ ኬንትን ከዴይሊ ፕላኔት ባልደረቦቹ እንዴት ልደብቀው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጀማሪ ሰዓሊ

24 ገጽ ያለው የአማርኛ ኮሚክ እየሠራሁ ነው። ታሪኩ ሜትሮፖሊስ ውስጥ፣ በዴይሊ ፕላኔት ጋዜጣ ዜና ክፍል ይካሄዳል፤ ዘመኑም የዛሬ ነው፤ ስማርት ስልክና የጥበቃ ካሜራ በየቦታው አለ። ክላርክ ኬንት (ሱፐርማን ተራ ጋዜጠኛ መስሎ ሲኖር የሚጠራበት ስም) ከጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን፣ ከፎቶ አንሺው ጂሚ ኦልሰንና ከዋና አዘጋጁ ፔሪ ኋይት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው። ሦስት ነገር ቸግሮኛል፦

1. መነጽር ብቻውን ይበቃል?
2. ክላርክ ከወንበሩ ተነስቶ በጠፋ ቁጥር ሱፐርማን ብቅ የሚል ከሆነ ጋዜጠኞቹ እንዴት አይነቁበትም?
3. ልብሱን የት ይደብቀዋል? የትስ ይቀይራል?

ሎይስ ጎበዝ ጋዜጠኛ ናት። ምስጢሩ እንዲጠበቅ ብዬ ሞኝ ላደርጋት አልፈልግም።

መልስ፦ የድሮ ኮሚክ

እህቴ፣ መጀመሪያ ከዚህ በፊት የተሞከሩትን እወቂያቸውና አንዱን ምረጪ። ሁሉንም ከደባለቅሽ ታሪኩ ይፈርሳል።

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ለአንባቢ ያቀረቡት በ1938 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው) ነው። ያኔ የክላርክ ጋዜጣ ዴይሊ ስታር ይባል ነበር፤ ዴይሊ ፕላኔት የሆነው በ1940 ነው። በዚያ ዘመን መደበቂያው መነጽርና ፈሪ መምሰል ብቻ ነበር። ሎይስ ግን ገና በ1942 መጠርጠር ጀምራለች፤ ስለዚህ ጥርጣሬዋን አትፍሪው፣ የታሪኩ የቆየ ቅመም እሱ ነው።

በታኅሣሥ 1978 የወጣ አንድ እትም ደግሞ መነጽሩ ሱፐርማን ከተወለደበት ፕላኔት ከክሪፕተን ካመጣው መንኮራኩር መስታወት የተሠራ ስለሆነ የሚያየውን ሰው በሂፕኖቲዝም ያፈዛል አለ። ይህንን አትውሰጂ። ሎይስን ከጥፋት ነፃ ያወጣታል፣ ግን አእምሮዋንም ይወስድባታል። ካሜራስ እንዴት ይፈዛል?

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው የኮሚክ ደራሲና ሰዓሊው ጆን በርን በ1986 ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምር የተከተለው መንገድ ነው። ሱፐርማን ጭምብል አያደርግም፤ ጭምብል የሌለውን ሰው ደግሞ ሌላ ስምና ሥራ ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም። በ1987 እትም የሱፐርማን ዋና ጠላት የሌክስ ሉተር ኮምፒውተር መረጃውን ሁሉ ደምሮ "ክላርክ ኬንት ሱፐርማን ነው" ሲል ሉተር አልተቀበለውም። ያን ያህል ኃይል ያለው ሰው ተራ ሠራተኛ መስሎ መኖር ይፈልጋል ብሎ ማመን አቃተው። ስለዚህ በኮሚክሽ ውስጥ ማንም ሰው "የሱፐርማን እውነተኛ ስም ማነው?" ብሎ አይጠይቅ። ጥያቄው ከተነሳ መልሱ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል።

መልስ፦ እርሳስና ቀለም

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ አይበቃም። በ2016 የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ የሱፐርማን ነገር ይዘው ፈትነውታል። ሰዎች ሁለት ፎቶ እያዩ "አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?" ተባሉ። በሁለቱም ፎቶ መነጽር ሲኖር ወይም በሁለቱም ሳይኖር 80 በመቶ ያህሉ መልስ ትክክል ነበር፤ በአንዱ ብቻ መነጽር ሲኖር በ6 ነጥብ ያህል ወረደ። ልብ በይ፣ ይህ ለማያውቁት ፊት ነው። በየቀኑ የምናየውን ሰው መነጽር አይሰውርብንም። ስለዚህ ፊቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ቀይሪ።

ቁመት፦ ሰዓሊ የሰውን ቁመት የሚለካው በጭንቅላቱ ርዝመት ነው፤ ሱፐርማንን 8 ጭንቅላት ካደረግሽው ክላርክ ቆሞ ሲታይ 7 ተኩል አካባቢ ይሁን። ግን አጭር ሰው አድርገሽ አትሳዪው፤ አጥንቱ ያው ነው። አንገቱን ወደፊት አውጪ፣ ትከሻውን ወደ ደረት ሰብስቢ፣ ጉልበቱን በትንሹ አላዪው። አንድ በር ምረጪና ሁለቱንም በተለያየ ገጽ በሱ ሥር አሳልፊያቸው፤ ልዩነቱን አንባቢ ሳይነገረው ያየዋል። ክሪስቶፈር ሪቭ በ1978ቱ ፊልም ይህንን በአካሉ ብቻ ሠርቶታል፤ ያለ ምንም የካሜራ ዘዴ ቀጥ ሲል ሌላ ሰው ይሆናል። ያንን ትዕይንት ደጋግመሽ እያቆምሽ ንድፍ አውጪበት።

ፀጉር፦ የሱፐርማን ቁንዳላ ግንባሩ ላይ ትወርዳለች። ክላርክ ተለጥፎ የተበጠረ፣ የተከፈለበትም ጎን ተቃራኒ ይሁን።

መነጽር፦ ወፍራም ጥቁር ፍሬም፣ የላይኛው ጠርዝ ቅንድቡን የሚሸፍን። ቅንድብ ፊትን ለመለየት ከዓይን ያላነሰ ሥራ አለው፤ ቀጭን ፍሬም ካደረግሽ ቅንድቡ ያጋልጠዋል። ሌንሱ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ማድረግ ይቻላል፤ በየፓነሉ (በየሥዕል ሳጥኑ) ካደረግሽው ግን ክላርክ ዓይን አልባ ይሆንና አንባቢ አይወደውም። ሎይስ ቀረብ ብላ በምታነጋግረው ፓነል ላይ ብቻ ተጠቀሚበት።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ፦ ክላርክንና ሱፐርማንን ፊት ለፊት በሚገጥሙ ሁለት ገጾች ላይ ከአንድ አቅጣጫ መሳል። አንባቢ ወዲያው ያስተያያቸዋል። ክላርክን ከጎንና ከላይ፣ ሱፐርማንን ከታች ወደ ላይ እያየሽ ሳዪ።

መልስ፦ የዜና ክፍል ሰው

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው። ጋዜጠኛ ሰውን በፊቱ አይደለም የሚይዘው፤ በሰዓትና በወረቀት ነው። ሎይስ የሁለት ሳምንት ሰዓት ጎን ለጎን ከጻፈች ነገሩ አለቀ። አንቺም መጀመሪያ ያንኑ ሥሪ።

አምስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጂ፦ አደጋው የደረሰበት ሰዓት፣ ወሬው ዜና ክፍል የገባበት፣ ክላርክ የተነሳበት፣ ሱፐርማን የታየበት፣ ክላርክ የተመለሰበት። ድልድዩ ከጠዋቱ 4፡12 ተሰነጠቀ፣ ወሬው 4፡15 ገባ እንበል። ክላርክ 4፡13 ላይ ከተነሳ ወሬውን ማንም ሳይነግረው ሰምቷል ማለት ነው። የሚያስይዘው የመጥፋቱ ብዛት አይደለም፤ ይህች የሁለት ደቂቃ ቅድሚያ ናት። እንዳይጠብቅ ደግሞ ሰው እየሞተ ነው።

መፍትሔው ክላርክ ሲጀመርም ቢሮ እንዳይውል ማድረግ ነው። ከቤት ውጭ የሚያውል የዘገባ ዘርፍ ስጪው፦ ወደብ፣ ፍርድ ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት። ሰዓቱ የማይታወቅ፣ ብዙ መጠበቅ ያለበት ሥራ ይሁን። ፍርድ ቤት በጣም ይመቻል፤ ችሎት ውስጥ ስልክ ይጠፋልና "ለምን አላነሳህም?" የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም። የሱፐርማንን ዘገባ ለሎይስ ተይላት። ክላርክ ከሱፐርማን ጋር ቃለ ምልልስ አደረግሁ ብሎ ከጻፈ፣ የት ተገናኛችሁ፣ ማን አገናኘህ፣ ቅጂው የታለ የሚል አዘጋጅ አለ። ራሱ ጠያቂ ራሱ ተጠያቂ መሆኑም የሙያ ነውር ነው፤ ምስጢሩ ሲወጣ ሎይስ ይቅር የማትለው ይህንን ይሆናል።

ሰበብ አታብዢለት። በየቀኑ አዲስ ሰበብ የሚያመጣ ሰው ይታወሳል። አንድ ሰበብ ይበቃል፦ "ምንጭ ላገኝ ነው።" ባልደረባ የባልደረባውን ምንጭ ስም አይጠይቅም፤ ይህ በሙያው የተከበረ ነገር ስለሆነ ሎይስ ብትተወው ሞኝነት አይሆንባትም። ነገር ግን በአሜሪካ ጋዜጦች ስሙ ያልተጠቀሰ ምንጭ ታትሞ የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ አንድ አዘጋጅ ማንነቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ እነዚያ "ምንጮች" ወደ ሕትመት አይግቡ። ክላርክ ተመልሶ "አልተሳካም፣ ሰውዬው ቀረ" ይበል፤ ፔሪ ይናደድ፣ ግን በዚያው ቀን ከፍርድ ቤቱ የሚጣራ ዜና ይግባለት። በሳምንት ሦስት አራት ጥሩ ዜና የሚያስገባን ዘጋቢ አዘጋጅ የት ዋልክ ብሎ አይመረምረውም።

አጻጻፉም ያስይዛል። በጋዜጣው ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተቀመጠ ይመዘገባል። 900 ቃል በአራት ሴኮንድ ከገባ ማንም ጽሑፍ አራሚ ያየዋል። ፈጣን ጸሐፊ በደቂቃ 60 ቃል ቢመታ እንኳ 900 ቃል 15 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ማሰቢያውን ጨምሪና 40 ደቂቃ አድርጊው። ክላርክ ከወንበሩ የማይነሳበት ይህ 40 ደቂቃ በሰንጠረዥሽ ውስጥ መታየት አለበት።

መልስ፦ ስፌት

ልብሱን በተመለከተ።

ሸሚዝ፦ ነጭ ስስ ሸሚዝ ሰማያዊውንና ቀዩን ያሳልፋል፤ መብራት ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ወፈር ያለ ጥጥ፣ ቀለሙ ሰማያዊ ወይም ግራጫ፣ አንገቱ ተቆልፎ ከረባት የታሰረበት ይሁን። ከረባቱን ማላላት የለም። የሱፐርማን እጅጌ እስከ አንጓው ስለሚደርስ ክላርክ በሐምሌ ሙቀትም እጅጌውን አይሰበስብም። ጂሚ በዚህ ሊቀልድበት ይችላል፤ ለአንባቢ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ኮት፦ ከልኩ ሁለት ቁጥር ይብለጥ። የትከሻው ስፌት ከትከሻው አጥንት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይታይ። ይህ ጡንቻውን ይደብቃል፣ ጀርባው ላይ ለታጠፈው ካባም ቦታ ይሰጣል። ካባው ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ጉብታ ያወጣል፤ በሰፊው ታጥፎ ከወገብ እስከ ትከሻ ይተኛ።

ቁልፍ፦ ሸሚዝ በየጊዜው እየተበጠሰ ከተከፈተ መሬት ላይ የቀሩት ቁልፎች ማስረጃ ናቸው። ቁልፎቹ ለዓይን ብቻ ከላይ ይሰፉ፣ ከሥራቸው ጠቅ የሚሉ የብረት መያዣዎች ይደረጉ። ቬልክሮ አይሆንም፤ የመቅደድ ድምፁ በር አልፎ ይሰማል።

የወለቀው ልብስ የት ይሄዳል? በድሮ እትሞች ልብሱ ተጨምቆ ካባው ውስጥ ባለ ኪስ ይገባ ነበር። ይህንን ብትወስጂ ጥሩ ነው፣ የተጣለ ልብስ የሚያገኝ ሰው አይኖርም።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ መቀየሪያው ቦታ ነው። ሱፐርማን ይቀይርበታል የሚባለው የመንገድ ስልክ ሳጥን ዛሬ የለም፤ የዕቃ ክፍል ይሻላል? ሌላው የጂሚ ፎቶዎች ናቸው። ጋዜጣው ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ቢኖረውስ?

መልስ፦ የድሮ ኮሚክ

የስልክ ሳጥኑ ስሙ ገነነ እንጂ መጀመሪያ የታየው በ1941 በወጣ የካርቱን ፊልም ነው። በኮሚኩ የዕቃ ክፍሉ ይበዛል። ለዛሬ ዘመን ግን ሁለቱም ችግር አላቸው፤ የዕቃ ክፍሉ የገባ ሰው ካልወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ካሜራ ይመሰክራል። ረጅም ሕንፃ ላይም መስኮቱ አይከፈትም።

መልስ፦ የዜና ክፍል ሰው

ስለዚህ በበሩ ይውጣ። መታወቂያ ካርዱን አስነክቶ፣ ለጥበቃው ሰላም ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። መዝገቡ ትክክል ይሆናል። ልብሱን ሕንፃው ውስጥ ሳይሆን ሁለት ሦስት መንገድ ርቆ፣ ካሜራ በሌለበት ይቀይር፤ ለእሱ ርቀት ምኑ ነው? ሲመለስም በዚያው በር። ስልኩን ችሎት ቦታ ወይም የተባለው ቀጠሮ ያለበት ሰፈር ያስቀምጠው፤ ስልኩ ከሱፐርማን ጋር ከበረረ አካባቢውን የሚመዘግበው ማማ ያጋልጠዋል።

መልስ፦ እርሳስና ቀለም

ፎቶውን በተመለከተ፣ ሶፍትዌሩ ካለ መነጽርም አጎንብሶ መሄድም አያድነውም። የበርን ዘመን ኮሚክ መልስ አለው፦ ሱፐርማን ፎቶ ሲነሳ ፊቱን በፍጥነት ያንቀጠቅጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ከወሰድሽው እስከ መጨረሻ ጠብቂው፦ በ24ቱም ገጽ የሱፐርማን ፊት ጥርት ብሎ የታየበት የጋዜጣ ፎቶ አንድም አይኑር። ጂሚ በሌንሱ ይማረር፣ ካሜራ ይቀይር። አንድ ጥርት ያለ የፊት ገጽ ፎቶ ከሳልሽ ሕጉ ፈረሰ።

መልስ፦ የድምፅ ነገር

ማንም ያላነሳው ንግግሩ ነው። በ1940 በተጀመረው የሬዲዮ ድራማ ቡድ ኮሊየር ሁለቱንም ይጫወት ነበር፤ ክላርክን ቀጠን ባለ፣ ሱፐርማንን በጎርናና ድምፅ። በኮሚክ ድምፅ ስለሌለ በዓረፍተ ነገር ሥሪው። የክላርክ ንግግር ይቆራረጥ፦ "እ... ይቅርታ፣ ማለቴ..." የሱፐርማን አጭር፣ እስከ ማሰሪያው ግስ የደረሰ ይሁን። ክላርክ ፔሪን "እርስዎ"፣ ሎይስን "አንቺ" ይበል፤ ሱፐርማን ሎይስን "እርስዎ" ይበላት፣ እሷም እሱን እንደዚያው። ሎይስ የምትነቃበትን ገጽ ካሰብሽ መንገዱ እዚህ አለልሽ፦ ሱፐርማን ከፍርስራሽ ሲያወጣት ደንግጦ "ተጎዳሽ?" ይበላት።

መልስ፦ የድሮ ኮሚክ

አንድ የሕግ ነገር። የ1938ቱ ሱፐርማን በአሜሪካ ከባለመብት ነፃ የሚሆነው ጥር 1 ቀን 2034 ነው። እስከዚያ ያለፈቃድ መሸጥ አይቻልም። ኮሚኩን ልትሸጪው ካሰብሽ ሰንጠረዡንና ዘዴዎቹን ይዘሽ ስሙን፣ አልባሳቱን፣ ጋዜጣውንና ከተማውን የራስሽ አድርጊ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ወስኚ፣ ቀለም ከገባ በኋላ ደረቱ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ መቀየር አያድንም።